ኪኒን ሸንጎ ያቆሙት አያ ፈንታሁን

እናቴ ደውላ አያ ፈንታሁን ሞቱ ስትለኝ «ውሸት ነው!» ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ክፉ ሆኜ አይደለም። እኚህ ሰው ከዚህ በፊትም ሞተው ያውቃሉ። አንድ ጊዜ አዘና ገበያ ላይ ወድቀው ቀሩ ተብሎ ድንኳን ሲተከል፣ በፈረሳቸው ከች ብለው «የማን ቤት ልቅሶ ነው? እኔም ልድረስ እንጂ» ያሉ ሰው ናቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ፣ አሁን በማወራችሁ ታሪክ ማለት ነው፣ አበቃላቸው ተብሎ ሚስታቸው እማማ ጥሩዬ ጥቁር ቀሚስ ከተዋሱ በኋላ እሳቸው ድነው መጡና ቀሚሱን ራሳቸው ይዘው ሄደው ለባለቤቷ መለሱ። ታዲያ ሦስተኛውን ማን ያምናል? ስልኬ እንደገና ጮኸ። «አንቺ ልጅ፣ የዛሬው የምር ነው። በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። እርጅና ነው፣ ሌላ ምንም የለም» አለችኝ እናቴ። ያኔ ዳንግላ፣ ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ፣ የሰው የሰርግ ቀሚስ እንደታቀፍኩ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።

ቤታቸው እንጅባራ ዳር፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር። ከእኛ ግቢ የሚለየን የቀርከሃ አጥር ብቻ ነው። ገበሬ ናቸው፣ ፈረሰኛ ናቸው፣ ከሁሉ በላይ ግን አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። የተጣላ ባልና ሚስት፣ ድንበር የተገፋፉ ወንድማማቾች፣ በሬው የሰው ገብስ የበላበት፣ ሁሉም እሳቸው ደጃፍ ነው የሚሰለፈው። ሲያዳምጡ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ተከራካሪው አንዲት ውሸት ጣል ካደረገ ግን አንደኛው ዓይናቸው ብቻ ይከፈታል። ምንም አይናገሩም፤ ዝም ብለው በዚያ ባንድ ዓይን ያዩታል። ስንቱ ጎረምሳ ያንን ዓይን አይቶ «እሺ አያ፣ እውነቱን ልናገር» ብሏል መሰላችሁ! ለሰው በአማርኛ ይናገራሉ፣ ቦራው ለሚሉት ፈረሳቸው በአዊኛ፣ ለእግዜር ደግሞ በሁለቱም። «አንዱን ባይሰማ በሌላው ይሰማል» ይላሉ።

ካፋቸው የማትጠፋ ቃል ነበረቻቸው፤ «ዋስ ጥራ!» የምትል። ያገር ደንብ ነው፤ ሰው ሸንጎ ፊት ቃል ሲገባ፣ ቃሉን ቢያጥፍ አብሮት የሚያፍር ሌላ ሰው ያቆማል። አያ ፈንታሁን ግን ደንቡን ከሸንጎ አውጥተው ጓዳ ድረስ አስገቡት። «ነገ ብቅ እላለሁ አያ» ስላቸው «ዋስ ጥሪ» ይሉኛል። እማማ ጥሩዬ ወጡ አሁን ይደርሳል ካሉ ዋስ ይጠየቃሉ። ቄሱ እንኳ የዛሬው ቅዳሴ ቶሎ ያልቃል ቢሏቸው ዋስ ጠየቋቸው ይባላል። እኔ አላየሁም፤ አያደርጉም ብዬ ግን አልምልም።

ወደ ነገሬ ልግባ። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ትብለጥ ዕድራችን ስብሰባ ላይ መጥታ የሁሉንም ደም ግፊት የለካች ጊዜ፣ የአያ ፈንታሁን ከልክ በላይ ሆኖ ተገኘ።

«ኪኒን ይጀምራሉ» አለቻቸው።

«ምኔን አሞኝ?»

«ደም ብዛት እኮ ሳይናገር ነው የሚመጣ አያ።»

«ሳይናገር የሚመጣ ሌባ ነው። ለሌባ ውሻ እንጂ ኪኒን አይታዘዝም» ብለው ጭራቸውን ነስንሰው ሄዱ። እንቢ ማለት ሲችሉበት! ሲስተር ብትለምን፣ እማማ ጥሩዬ ቢያለቅሱ፣ ወይ ፍንክች። በኋላ ግን የልብ ጓደኛቸው፣ አብሮ አደግ ፈረሰኛቸው አያ ጥሩነህ፣ ምን የመሰለ ሰው፣ ኮርቻ ላይ እንዳሉ ግማሽ ጎናቸው ከድቷቸው ወደቁ። ምላሳቸውም ታሰረ። ያ ጨዋታ አዋቂ ሰው ከዚያ ወዲያ «እ…እ…» ብቻ ሆነ የሚል። አያ ፈንታሁን ጓደኛቸውን ጠይቀው ሲመለሱ በቀጥታ ጤና ጣቢያ ገብተው እጃቸውን ዘረጉ። «ሌባውን አየሁት፤ አምጪው ኪኒኑን» አሉ።

ከዚያ በኋላማ ማን ይቻላቸው! የኪኒን ሐዋርያ ሆኑ። ባልና ሚስት ሲያስታርቁ ከዕርቁ ቃል ጋር «ደም ብዛት ያለበት ኪኒኑን ሊውጥ፣ ላያስታጉል» የሚል ይጨምራሉ፤ ዋስም ያስጠራሉ። ሰፈሩ ውስጥ ያለ ዋስ ኪኒን የሚውጥ ሰው ጠፋ። እኔ ደግሞ ለእናቴ ዋስ ተደረግሁ።

የእናቴ ነገር እንኳ የሚያስቅ አልነበረም። እናቴ ብርቄ ከሁሉም የባሰ ግፊት ያለባት እሷ ነበረች። አንድ ቀን ገብስ ስታበጥር አፏ ወዳንድ ጎን ጥምም ብሎ፣ ንግግሯ ተኮለታትፎ፣ ከሰዓታት በኋላ ነው የተመለሰላት። ሲስተር ለብቻዬ ጠርታ «ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለተኛው ከመጣ ላይመለስ ይችላል» ብላኛለች። እናቴ ግን ደህና ነኝ ባለች ቀን ኪኒኑን ትዘላለች። እሷ ደግሞ ደህና ነኝ የማትልበት ቀን የለም። ስለዚህ አያ ፈንታሁን በየማለዳው ቦራውን ጭነው፣ ከፍ ካላሉ ድምፃቸው የማይደርስ እየመሰላቸው ጉብታ ላይ ወጥተው ዳንግላ ይደውሉልኝ ነበር። «ዋሴ! እናትሽ ውጣለች ወይስ ላፍርብሽ?» ዋሴ ነበር የሚሉኝ፤ ስሜን ከረሱት ቆይተዋል። እኔ ለእናቴ እደውላለሁ፣ እናቴ አጥሩን አሻግራ ትሰድባቸዋለች፣ ትውጣለችም። እንዲህ ነበር የምንኖረው።

አንድ ዓመት ገና ልውል ወደ ቤት መጣሁ። ጉሙ ሰው አያሳይም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ የእንጅባራን ብርድ ለሚያውቅ አላስረዳም። አያ ፈንታሁን በራችን ላይ ፈረሳቸው ጀርባ ላይ ሆነው፣ ወደፊት ጎብጠው፣ ሆዳቸውን ኮርቻው ላይ ተጭነው፣ የቦራውን አንገት አቅፈው ቆመዋል።

«እንኳን አደረሰዎ አያ! ይውረዱ እንጂ፣ ቤት ይግቡ።»

«አይ ልጄ፣ እዚሁ ደህና ነኝ።»

«ምነው? ለእኔ እንኳ አይወርዱም?»

«ቦራው ከወረድኩ ይከፋዋል» አሉኝ። ድምፃቸው ቀጠን ብሏል።

እናቴ ዳቦ አውጥታ ወደ ላይ ሰጠቻቸው። አመስግነው ተቀበሉና እሷ ዞር ስትል ለፈረሱ አጎረሱት። ከግንባራቸው ላብ ሲንቆረቆር አየሁ፤ በዚያ ብርድ! እናቴን ብጠይቃት «ሰሞኑን እንዲህ ናቸው። ጥር ደረሰ አይደል፣ ለጉግሱ እየተለማመዱ ነው» አለችኝ። ሰፈሩ ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚያምነው። ሰውየው ከፈረስ አልወርድም ካሉ ቀናት ሆኗቸዋል። ሽምግልናውን ኮርቻ ላይ ሆነው ይዳኛሉ። ቤተ ክርስቲያንን ካጥር ውጭ ከፈረስ ላይ ይሳለማሉ። ወጣቶቹ «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ከለመዱ ዘንድሮስ ጉድ ሊያሳዩን ነው» እያሉ ከኋላቸው ሆነው አጎነባበሳቸውን ያጠኑ ነበር። ሁለቱ እንዲያውም እንደሳቸው ጎብጠው መጋለብ ጀምረው፣ አንደኛው ቦይ ውስጥ ተወርውሮ ተገኘ።

ጉዳቸው የወጣው በልቅሶ ነው። ከማዶ አንዲት አሮጊት ሞተው አስከሬን በመንገዱ መጣ። በእኛ አገር ፈረሰኛ አስከሬን ሲያጋጥመው ይወርዳል። ንጉሥም ቢሆን ይወርዳል! ይሄንን ደንብ ልጅ አዋቂውን ያስተማሩት አያ ፈንታሁን ናቸው። እሳቸው ግን አልወረዱም። ቃሬዛው አጠገባቸው ሲደርስ ልቅሶው ቀጥ አለ። የተሸከሙት ቆሙ። ሰው ሁሉ ከሟቿ ላይ ዓይኑን አንስቶ ፈረሰኛውን ያይ ጀመር።

«አያ ፈንታሁን!» አለች እናቴ፣ «አስከሬን እኮ ነው!»

«አይቻለሁ ብርቄ። ነፍሷን ይማር።»

«ታዲያ አይወርዱም?»

ከእርካቡ አንድ እግራቸውን አወጡ። ቀና ለማለት ሲሞክሩ ፊታቸው አመድ መሰለ። ከዚያ እንደ ጆንያ እመሬት ዱብ! ሆዳቸውን ከላይ በኩል ጨብጠው፣ ጉልበታቸውን እስከ ደረታቸው ሰብስበው፣ «ጀርባዬ… በጀርባዬ ወጣ…» ይላሉ። ትውከቱም መጣ። የቃሬዛው ተሸካሚዎች ተያዩ። «የሞተው ይቆያል!» ብላ እናቴ ጮኸች። ቃሬዛውን በክብር ጥግ አስቀመጡና አያ ፈንታሁንን አንስተው ባጃጅ ውስጥ አጣጥፈው ከተቷቸው። እኔና እማማ ጥሩዬም በላያቸው ታጨቅን።

ሆስፒታል ወጣቱ ዶክተር ሆዳቸውን ነካ ሲያደርግ ጣራው እስኪነቃነቅ ጮኹ። ደም ተወሰደ፣ በአልትራሳውንድ ታዩ። ቆሽታቸው አብጧል ተባለ። ከዚያ ጥያቄው መጣ።

«አባት፣ አረቄ ይጠጣሉ?»

«አረቄ? እኔ? በንግሥ ቀን ጠላ ቀምሼ እንደሆን እንጂ!»

«የሐሞት ጠጠር አላየሁም። የሚወስዱት መድኃኒትስ አለ?»

«ምንም የለም» አሉ አያ ፈንታሁን።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዋሹ የሰማኋቸው ያን ቀን ነው። ዓይናቸውን ጨፍነው ተኝተዋል። እማማ ጥሩዬ ወደ ግድግዳው ዞረዋል። እኔ ነኝ የተናገርኩት፤ «ዶክተር፣ የደም ብዛት ኪኒን ይውጣሉ። ከጥቂት ሳምንት በፊትም ሲስተር ግፊቱ አልወርድ ስላላት ሌላ ዓይነት ጨምራላቸዋለች።» አያ ፈንታሁን አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው እንደ ከሃዲ አዩኝ። ያኔ ገባኝ። ሰውየው ሲታመሙ የቆዩት፣ ቀና ካሉ የሚገድላቸውን ሕመም ፈረስ አንገት ላይ ተደፍተው ያሳለፉት፣ «ኪኒን የሚውጡት ታመሙ» እንዳይባል ነው። የኪኒኑን ስም ሊጠብቁ! እንዲህ ያለ ዋስ ኖሮ ያውቃል?

ዶክተሩ የኪኒኑን እሽግ አገላብጦ አየ። «እንዲህ ያለው ጉዳት በጣም፣ በጣም ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው። እኔ መጽሐፍ ላይ እንጂ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም። እርግጡን ለመናገር ይከብዳል፤ ግን ሌላ ምክንያት አጣሁለት። አዲሱን አሁኑኑ ያቁሙ» አለ። ከዚያ ሌሎቹን ሐኪሞች ጠራና እየተቀባበሉ ያዩዋቸው ጀመር። አያ ፈንታሁን ምግብ ተከልክለው፣ ጉሉኮስ ተሰክቶላቸው፣ «ዘንገና ሐይቅ አደረጉኝ እኮ! እንግዳ የመጣ ሁሉ እኔን ሳያይ አይሄድም» እያሉ ያማርራሉ። ነገር ግን ተማሪ ሐኪም በመጣ ቁጥር ነጠላቸውን ያስተካክሉ ነበር። ቀን በቀን ሕመሙ እየቀለለ፣ ቀና ብለው እየተቀመጡ መጡ።

ሰፈር ደግሞ በበኩሉ ምርመራውን ጨርሷል። መጀመሪያ ቆሽታቸውን ያሳረሯቸው በመጨረሻ ያስታረቋቸው ባልና ሚስት ናቸው ተባለ። እነዚያ ምስኪኖች ከፀፀት ብዛት ዳግመኛ ላይጣሉ ተማምለው ሆስፒታል ድረስ ዶሮ ይዘው መጡ። ቀጥሎ ግን እውነቱ ከሆስፒታሉ ግቢ ሾልኮ ገበያ ደረሰ፤ «አያ ፈንታሁንን የጣላቸው የደም ብዛት ኪኒን ነው!» አለቀ። ያን ቀን ሰፈሩ ውስጥ ኪኒን ያልጣለ የለም። አንዱ ምድጃ ውስጥ፣ አንዱ ወንዝ ውስጥ። እናቴ ሽንት ቤት ጨመረችው።

«እማዬ፣ አብደሻል? የሲስተርን ቃል ረሳሽው? አፍሽ የጠመመ ቀን ረሳሽው?»

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ?»

«እሳቸውን ያልማረ እኔን ይምራል? ተይኝ ልጄ፣ በሞቴ ሰበብ አታብዢ።»

ብለምን፣ ባለቅስ፣ ብቆጣ ወይ ንቅንቅ! ሲስተር መጣች፤ እናቴ በሩን አልከፈተችላትም። ፊቷን ባየሁ ቁጥር አፏ የጠመመ ይመስለኝ ነበር። ዳንግላ መመለስም አልቻልኩም፤ ትቻት ብሄድ ምን እንደምሰማ አላውቅም። ሲጨንቀኝ ሆስፒታል ሄጄ አያ ፈንታሁን አልጋ ስር ተንበረከክሁ።

«አያ፣ እባክዎን አንዲት ውሸት ብቻ! የበላሁት ሥጋ ነው ይበሉ። ጠላው ነው ይበሉ። እናቴ ልትሞትብኝ ነው።»

«አንዴ ዋሸሁ፤ አየሽ እንዴት ቶሎ እንደወጣብኝ። ደግሞስ ሐኪም ያወቀውን እኔ ብደብቅ ነገ ማን ያምነኛል? አይሆንም ልጄ። ነገር ሲበላሽ ደንቡ አንድ ነው፤ ሸንጎ ይቀመጣል። ከሳሽ እኔ ነኝ» አሉ።

«ተከሳሹ ማነው?»

«ማን ይሆናል! ኪኒኑ ነዋ።»

የቀለዱ መስሎኝ ነበር። በተፈቱ በሳምንቱ እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዝግባው ሥር ሰፈሩን ሁሉ ጠሩ። ሦስት ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ ሰብሳቢው አያ አስሬ ናቸው፣ ኮስታራ ሰው፣ ሳቅ የሚባል የማያውቁ። አያ ፈንታሁን ከኪሳቸው ያን እሽግ አውጥተው የቀርከሃ ወንበር ላይ በክብር አስቀመጡት። «ቆሞ አይከሰስም፣ ይቀመጥ» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። አያ አስሬ አልሳቁም። «ጠበቃ አለው?» ሲሉ ሲስተር ትብለጥ ነጭ ጋወኗን ለብሳ ተነሣች። ምስክር ሲጠየቁ አያ ፈንታሁን ቦራውን አስጎትተው አመጡ። አያ አስሬ ፈረሱን ከላይ እስከታች አይተው «መማል አይችልም፤ ይመለስ» ብለው በየኑ።

«ከዚህ ተከሳሽ ጋር ጥል አልነበረንም» አሉ አያ ፈንታሁን። «ቤቴ አስገባሁት፣ በየማለዳው በምላሴ ላይ አሳለፍኩት። ያለ ጥፋቴ ቆሽቴን መታኝ። ልገባ ነበር መቃብር።»

ሲስተር ካደች መሰላችሁ? አልካደችም። «መትቷቸዋል። ሐኪሙም ብሏል፣ እኔም አምኛለሁ። ግን እዚህ የተሰበሰባችሁ ተናገሩ፤ ኪኒን ከዋጠ ወዲህ ከሆዱ በላይ ይዞ በጀርባው የሚወጣ፣ ትውከት ያለው ሕመም ያመመው ሌላ ሰው አለ?»

ሁሉም ግራ ቀኙን ቃኘ፤ እጁን ያወጣ የለም።

«ኪኒን ባለመዋጡ የወደቀስ?»

ሁሉም አንገቱን ወደ አያ ጥሩነህ አዞረ። ልጆቻቸው ደግፈው አምጥተዋቸው ጥግ ተቀምጠዋል። እሳቸውም ደህና እጃቸውን አነሡ፤ «እ…» አሉ። ማንም አልሳቀም።

ከኋላ አያ ተመቸ ተነሡ። «እኔ ሆዴን ባያመኝም ደረቅ ሳል ጣለብኝ። ቅዳሴ ላይ ቄሱን እያቋረጥኩ መቆሚያ አጣሁ!» አንዲት ሴትዮም «እኔንም ሽንት በሽንት አደረገኝ፣ ገበያ መዋል ተውኩ» አሉ። ሌላው ይዞረኛል አለ። ነገሩ ጎረፈ። ሲስተር እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ይሄን ሁሉ ለምን አልነገራችሁኝም? ሌላ ዓይነት አለ እኮ! ይቀየራል፣ ይቀነሳል!»

«አያ ፈንታሁንን ፈርተን ነዋ!» አሉ ሴትዮዋ። «አማረርሽ ብለው ዋሴን ሊያሳፍሩብኝ?»

ሳቁ ዝግባውን አናወጠው። አያ ፈንታሁን ግን አልሳቁም። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ቀስ ብለው ሄዱና ከኪኒኑ አጠገብ፣ ተከሳሽ ወንበር ላይ ተቀመጡ። «እንዲህ ከሆነ እኔም ተከሳሽ ነኝ። እንድትውጡ አስማልኳችሁ፤ ሲያማችሁ እንድትናገሩ አላስማልኳችሁም። ራሴም አልተናገርኩም፤ ፈረስ አቅፌ ልሞት ነበር» አሉ። እማማ ጥሩዬ በነጠላቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።

ሽማግሌዎቹ ዞር ብለው ተመካከሩ። አያ አስሬ ፍርዱን ሰጡ። «ፈንታሁንና ይህ ኪኒን ይፋቱ። ዳግመኛ ቤቱ ድርሽ እንዳይል። የፍቺውንም ነገር የትም ሆስፒታል ሲሄድ አስቀድሞ ይናገር። ነገር ግን አንድ ባል ሚስቱን ስለመታ ባል ሁሉ ካገር አይባረርም። የሌሎቻችሁ ትዳር ይጽና። ያስኮረፈው ካለ ለሲስተር ይናገር እንጂ በገዛ እጁ ፍቺ እንዳይጽፍ። ፈንታሁንን በተመለከተ፣ መቀጣቱ ይበቃዋል። ሲስተር የመረጠችለትን ሌላ ያግባ።»

«በሰባ ዓመቱ ሌላ ያግባ? ይሄንንም ሰማሁ!» አሉ እማማ ጥሩዬ። ያን ጊዜ ነው አያ አስሬ ሳቁ የሚባለው፤ የዓይን እማኝ ነኝ።

ሰዉ ሲስተርን ከበባት። ሳል ያለው፣ የዞረው፣ ኪኒኑን ወንዝ የጣለው፣ ሁሉም ተራ ይጠብቃል። እናቴ ብቻ ከመቀመጫዋ አልተነሣችም። አያ ፈንታሁን መጥተው ፊቷ ቆሙ። ሲስተር በምትኩ የመረጠችላቸውን ሌላ ኪኒን ከኪሳቸው አወጡ፣ ውሃ ተቀበሉ፣ ሰው ሁሉ እያየ ዋጡ። ጉሮሯቸው ላይ እስኪወርድ እናቴ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ብርቄ፣ የተመታሁት እኔ ታርቄ አንቺ ምን ቤት ነሽ የምታኮርፊ?»

«እፈራለሁ አያ» አለች እናቴ። እንዲህ ያለ ቃል ካፏ ወጥቶ አያውቅም። «እርስዎን ያየሁ ቀን ፈራሁ። ልጄ ዋስ ሆነችልኝ እንጂ ለኪኒኑ ማን ዋስ ሆነልኝ?»

አያ ፈንታሁን አሰብ አደረጉ። «እውነትሽን ነው። በይ እኔ ልሁን። አንዳች ነገር ካመመሽ ሌትም ቀንም ጥሪኝ፤ ሲስተር ዘንድ በቦራው እወስድሻለሁ። ካላመመሽ ደግሞ ትውጫለሽ። እኔ በሕይወት እያለሁ አንቺ ቀድመሽኝ አትሄጂም» አሏት። እናቴ እጇን ዘረጋች። ሲስተር ኪኒኑን መዳፏ ላይ አኖረችላት።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ዓመት ኖሩ፤ እናቴም አንድም ቀን አላስታጎለችም። አሁን ሞቱ ስትለኝ ካለቀስኩ በኋላ የመጣብኝ ፍርሃት ይሄ ነበር፤ የእናቴ ዋስ ሞተ። ሚኒባስ ተሳፍሬ እንጅባራ እስክደርስ ያሰብኩት እሱን ብቻ ነው። ቤት ስገባ እናቴ ጥቁሯን ለብሳ፣ ወገቧን በነጠላ ጠፍንጋ፣ ለቀብር ልትወጣ ቆማለች። ዓይኗ በልቅሶ አብጧል። ሰላም ሳልላት መድኃኒቷ ያለበትን መደርደሪያ አየሁ።

«ምን ታያለሽ?» አለችኝ።

«አይ፣ ምንም… እንዲያው ዛሬ በልቅሶው መሀል እንዳትረሺው ብዬ።»

ውሃውን አንስታ ኪኒኗን ፊቴ ዋጠች። አፏን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና በሩ ላይ ደርሳ ዞረች።

«ደግሞ እንዳልውጥ ነው? በማግሥታቸው እዚያኛው ዓለም ከች ብል፣ አንድ ዓይናቸውን ገልጠው ‹ብርቄ፣ ምነው ቶሎ መጣሽ?› ቢሉኝ ምን ብዬ እመልሳለሁ? ነይ ውጪ፣ ቀብሩ ሳያመልጠን።»